ከናጋድ እስከ አርሲ፦ የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ስርጭትና የሕሙማንን ዕድሜ የሚጠቁሙ ፕሮቲኖች ዳሰሳ

የምግብ ቧንቧ ካንሰር መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ሐኪሙም ታማሚውም ቤተሰቡም የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በሽታው ከተነሣበት ቦታ አልፎ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቷል ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ታማሚው ምን ያህል ጊዜ ሊኖር ይችላል የሚል ነው። ተመራማሪዎች የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በዕጢው ሕዋሳትና በደም ውስጥ ከሚገኙ ፕሮቲኖች ለማግኘት ለአሥርት ዓመታት ሲጥሩ ቆይተው በርካታ ጠቋሚ ፕሮቲኖችን ያቀረቡ ቢሆንም፣ በዕለት ተዕለት ሕክምና ላይ የሚሠራባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ከቀረቡት መካከል ዋና ዋናዎቹን በየወገናቸው መርምሮ፣ የሚበዙት ለምን ከወረቀት እንዳላለፉ ማስረዳትና በአፍሪካ ቀንድ ለሚኖር ታማሚ የሚጠቅሙት የትኞቹ እንደሆኑ ማሳየት ነው። የዳሰሳው መደምደሚያ ከወዲሁ ሲገለጽ፣ የአንድ ጠቋሚ ዋጋ የሚመዘነው ሞትን ቀድሞ በመናገሩ ሳይሆን ለታማሚው የሚደረገውን ውሳኔ በመለወጡ ነው የሚል ነው።

የበሽታው መልክዓ ምድር

በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 511,000 ያህል ሰዎች አዲስ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሲገኝባቸው፣ 445,000 ያህሉ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። የሞቱ ቁጥር ለአዲስ ታማሚዎች ቁጥር ይህን ያህል መቅረቡ በሽታው ምን ያህል ገዳይ እንደሆነ ያመለክታል። በሽታው ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፤ አንደኛው የቧንቧውን የውስጥ ገጽ ከሚሸፍኑት ጠፍጣፋ ሕዋሳት የሚነሣው ስኳመስ ካርሲኖማ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጨጓራ ወደ ላይ በሚረጭ አሲድ ምክንያት ከተለወጡ የታችኛው ቧንቧ ሕዋሳት የሚነሣው አዴኖካርሲኖማ ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሁለተኛው ሲያመዝን፣ በእስያና በምሥራቅ አፍሪካ እጅግ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው።

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ የሚዘልቀው አካባቢ ስኳመስ ካርሲኖማ ከሌላው አፍሪካ በላቀ መጠን የሚታይበት በመሆኑ በሳይንሱ ጽሑፍ «የአፍሪካ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ኮሪደር» እየተባለ ይጠራል። በኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ በሽታ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው የአርሲና የባሌ ደጋማ አካባቢዎች ሲሆኑ፣ ከዚያ የሚመጡ ሕሙማን ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተዋል። ጅቡቲ የምትገኘው በዚህ ኮሪደር ሰሜናዊ ጫፍ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 በአዲስ አበባ፣ በጥር 2017 ደግሞ በጅቡቲ በኩል የተመረቀውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የባቡር መስመር፣ በጅቡቲ ከተማ ከሚገኘው የናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል አዳማ ሲደርስ፣ ከአርሲ ዋና ከተማ ከአሰላ በብዙ አይርቅም። ስለዚህ የናጋድ ነዋሪና የአርሲ ገበሬ በድንበር ቢለያዩም በአንድ የበሽታ ቀጣና አካባቢ የሚኖሩ ናቸው።

ለበሽታው መንስኤ ይሆናሉ ተብለው የሚጠረጠሩትም ነገሮች በብዙ መልኩ ለሁለቱም የጋራ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ እጅግ ትኩስ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል የሚገመት መሆኑን አስታውቋል፤ በአርሲ የተደረጉ ጥናቶችም ትኩስ ገንፎንና ትኩስ መጠጥን መርምረዋል። ከኢትዮጵያ ደጋ በየዕለቱ ወደ ጅቡቲ የሚገባው ጫትም በአዲስ አበባ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ አነስተኛ የመነሻ ጥናት የተመረመረ ቢሆንም፣ ጫት ከትምባሆና ከትኩስ ሻይ ጋር አብሮ ስለሚወሰድ የአንዱን ጉዳት ከሌላው ለይቶ ለማረጋገጥ ከዚያ የሰፋ ጥናት ያስፈልጋል።

ፕሮቲን ሳይኖር የሚታወቀው

ስለ ጠቋሚ ፕሮቲኖች ከመነጋገር በፊት ያለ እነርሱ ምን ያህል መተንበይ እንደሚቻል ማወቅ ያሻል፤ ምክንያቱም አዲስ ጠቋሚ የሚጠቅመው በእጅ ባለው ላይ አንዳች ነገር ሲጨምር ብቻ ነው። በእጅ ያለው መለኪያ የበሽታው ደረጃ ነው፤ ይህም ዕጢው በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ፣ ስንት የሊምፍ ንፍፊቶችን እንደያዘና ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት መዛመቱን በማየት ይወሰናል። የምግብ ቧንቧ ከአብዛኞቹ የሆድ ዕቃ አካላት በተለየ በውጭ በኩል የሚሸፍነው ልባስ የሌለው ሲሆን፣ የሊምፍ ሥሮቹም ከውስጠኛው ገጽ ብዙ ሳይርቁ ስለሚጀምሩ ካንሰሩ ገና በላይኛው ሽፋን አካባቢ እያለ ወደ ንፍፊቶች ሊሻገር ይችላል። በቀዶ ሕክምና የተወገደ ዕጢ ሲመረመር የተያዙት ንፍፊቶች ቁጥር እስከ ዛሬ ከታወቁት የዕድሜ ጠቋሚዎች ሁሉ ጠንካራው ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሥራ ላይ ያለው ስምንተኛው የደረጃ አወሳሰን ሥርዓት ለዚህ ካንሰር የዕጢውን የብስለት መጠንና የሚገኝበትን ቦታ ከግምት ቢያስገባም፣ አንድም ጠቋሚ ፕሮቲን አላካተተም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጠቋሚዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሕክምናው ምንም ይሁን ምን የበሽታውን ጠባይ የሚናገር ሲሆን የአካሄድ ጠቋሚ ሊባል ይችላል፤ ሁለተኛው አንድ የተወሰነ ሕክምና ለዚህ ታማሚ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን የሚናገር ሲሆን የምላሽ ጠቋሚ ሊባል ይችላል። የመጀመሪያው ዓይነት በብዛት ይገኛል፤ የሁለተኛው ዓይነት ግን ብርቅ ነው፤ የሕሙማንን ዕጣ የለወጠውም ይኸው ሁለተኛው ነው።

የዕድገትና የሕዋስ ክፍፍል ፕሮቲኖች

በዕጢ ውስጥ ያለ ፕሮቲን በአብዛኛው የሚታየው ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ በሚባል ዘዴ ነው፤ ይህም ከዕጢው የተቆረጠ ስስ ሽፋን ላይ የተፈለገውን ፕሮቲን ብቻ መርጦ የሚይዝ አንቲቦዲ በመጨመርና የተያያዘበትን ቦታ በቀለም በማሳየት በማይክሮስኮፕ የሚነበብ ምርመራ ነው።

በዚህ ዘዴ ከሁሉ አብልጦ የተጠናው እ.ኤ.አ. በ1979 የተገኘው ፒ53 ነው። ይህ ፕሮቲን የተጎዳ ሕዋስ እንዳይከፈል የሚያግድ ወይም ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርግ ሲሆን፣ የሚያመርተው ጂን በስኳመስ ካርሲኖማ ሕሙማን አብዛኞቹ ላይ ተበላሽቶ ይገኛል። ይሁንና የጂኑ ብልሽት በሁለት መልክ ይገለጣል፤ በአንዳንዱ ዕጢ የተዛባው ፕሮቲን ሳይፈርስ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ይከማቻል፣ በሌላው ደግሞ ፕሮቲኑ ጭራሹን አይመረትም። ቀደምት ጥናቶች የተከማቸውን ብቻ «ብልሹ» ብለው፣ ጭራሹን የጠፋውን ከጤነኛው ጋር ስለደመሩት ውጤታቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኗል። ከዚህም በላይ በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ የሚገኝ ብልሽት አንዱን ታማሚ ከሌላው ለመለየት ያለው ኃይል ውሱን መሆኑ የማይቀር ነው።

ሳይክሊን ዲ1 የሚባለው ፕሮቲን ሕዋስ ወደ ክፍፍል እንዲገባ በር የሚከፍት ሲሆን፣ ጂኑ በበርካታ ስኳመስ ዕጢዎች ተባዝቶ ይገኛል፤ በብዛት የተመረተበት ዕጢ በአማካይ የከፋ አካሄድ እንዳለውም በርካታ ጥናቶች ዘግበዋል። ከዚሁ ጂን አጠገብ ያለውና አብሮ የሚባዛው የኮርታክቲን ጂን ሕዋሱ እንዲንቀሳቀስ የሚረዳ ፕሮቲን የሚያመርት በመሆኑ፣ የዕድገትና የስርጭት ኃይል በአንድ የክሮሞሶም ክፍል ላይ ጎን ለጎን እንዳሉ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታወቀው ኬአይ-67 በመከፈል ላይ ያሉ ሕዋሳትን የሚቆጥር ጠቋሚ ሲሆን፣ በጡት ካንሰር ያገኘውን ቦታ በምግብ ቧንቧ ካንሰር አላገኘም፤ ምክንያቱም ቶሎ ቶሎ የሚከፈል ዕጢ ፈጥኖ ቢሰራጭም ለጨረርና ለኬሞቴራፒ ይበልጥ ሊጋለጥ ስለሚችል፣ አንዱ ዝንባሌ ሌላውን ይሸፍነዋል።

ከዚህ ወገን ትልቁን ትምህርት የሰጠው ኢጂኤፍአር የተባለው በሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኝ የዕድገት መልእክት ተቀባይ ነው። በብዛት የሚገኝበት ዕጢ የከፋ አካሄድ እንዳለው በመታየቱ፣ ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ዕድሜ ያራዝማል የሚል ትልቅ ተስፋ ተጥሎ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ በወጣውና በእንግሊዝ በተካሄደው ስኮፕ-1 ጥናት፣ ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ከኬሞቴራፒና ከጨረር ጋር የተሰጣቸው ሕሙማን መካከለኛ ዕድሜ 22.1 ወር ሲሆን ያልተሰጣቸው 25.4 ወር ኖረዋል። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የጌፊቲኒብ ጥናትም በጥቅሉ የዕድሜ ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ አንድ ፕሮቲን መጥፎ አካሄድን ስለተናገረ ብቻ እርሱን ማገድ ታማሚውን ያድናል ብሎ መደምደም እንደማይቻል በሕሙማን ሕይወት ተፈትኖ ታውቋል።

የመያያዝ፣ የመብላትና የመንገድ ፕሮቲኖች

ካንሰር እንዲሰራጭ ሕዋሱ ሦስት ነገሮችን ማድረግ አለበት፤ ከጎረቤቱ መላቀቅ፣ ግድግዳውን መብላትና የሚጓዝበትን የደም ወይም የሊምፍ ሥር ማግኘት። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ተጠንተዋል።

ጤናማ ሕዋሳት እንደ ድርና ማግ ተጠላልፈው አንድ ሽፋን የሚሆኑት በተለይ ኢ-ካድሄሪን በሚባል ፕሮቲን አማካይነት ነው። ይህ ፕሮቲን ሲቀንስ ሕዋሱ ከመደቡ ይላቀቃል፤ በውስጥ በኩል ከእርሱ ጋር ተያይዞ የነበረው ቤታ-ካተኒንም ወደ አስኳል ገብቶ የዕድገት ጂኖችን ሊቀሰቅስ ይችላል። ስናይል፣ ስለግና ትዊስት የሚባሉት ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ደግሞ የኢ-ካድሄሪንን ምርት በማፈን ሕዋሱ የሽፋን ሕዋስነት ጠባዩን ትቶ ተንቀሳቃሽ እንዲሆን ያደርጋሉ፤ በዚያን ጊዜ ቪመንቲን የተባለው የተንቀሳቃሽ ሕዋሳት መለያ ፕሮቲን ይታያል። የኢ-ካድሄሪን መቀነስ ከንፍፊት መያዝና ካጠረ ዕድሜ ጋር መዛመዱ ከተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ስለተዘገበ፣ ስርጭትን ከሚጠቁሙት ፕሮቲኖች መካከል ጠንካራ ሥነ ሕይወታዊ መሠረት ካላቸው አንዱ ነው። ፋሲንና ኤዝሪን የተባሉት የሕዋሱን ገጽ ወደ ፊት የሚገፉ ፕሮቲኖችም፣ በሽታው በብዛት በሚታይበት በደቡብ ቻይና የሻንቱ አካባቢ በሰፊው ተጠንተዋል።

ግድግዳውን በመብላት ረገድ የሚታወቁት ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ ኢንዛይሞች ሲሆኑ፣ በተለይ ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 በሽፋን ሕዋሳት ሥር ያለውን ስስ ንጣፍ የሚያፈርሱ በመሆናቸው ብዙ ትኩረት ስበዋል። ችግሩ እነዚህን ኢንዛይሞች የካንሰሩ ሕዋሳት ብቻ ሳይሆኑ በቁስልና በብግነት ቦታ የሚሰበሰቡ የመከላከያ ሕዋሳትም የሚያመርቷቸው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የቆሰለና ያመረቀዘ ዕጢ ከፍተኛ መጠን ቢያሳይ ስርጭትን ይሁን ብግነትን እንደሚናገር መለየት ያዳግታል። እነዚህን ኢንዛይሞች ለማገድ የተሠሩ መድኃኒቶችም በተለያዩ ካንሰሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች የተጠበቀውን ውጤት አላስገኙም።

የመንገዱን ጉዳይ በተመለከተ ቪኢጂኤፍ የሚባለው የፕሮቲን ወገን አዳዲስ ሥሮች እንዲበቅሉ የሚያዝ ሲሆን፣ ከወገኑ «ሲ» የተባለው በተለይ የሊምፍ ሥሮችን ስለሚያበዛ ከንፍፊት መያዝ ጋር ተዛምዶ ቀርቧል። በዚህ ረገድ በፓቶሎጂ ክፍል ውስጥ እውነተኛ አገልግሎት ያገኘው ግን ፖዶፕላኒን ነው። ይህ ፕሮቲን የሊምፍ ሥሮችን ግድግዳ ከደም ሥሮች ለይቶ ስለሚያሳይ፣ ገና በላይኛው ሽፋን ያለ ዕጢ በኢንዶስኮፕ ተቆርጦ ሲወጣ የካንሰር ሕዋስ ወደ ሊምፍ ሥር መግባት አለመግባቱን ለመለየት ይረዳል፤ ይህም ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ውሳኔ የሚነካ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ አንድ የጋራ እንቅፋት አለ። የስርጭት ፕሮቲኖች ከሁሉ ይበልጥ የሚለዋወጡት ዕጢው ወደ ጥልቀት በሚገፋበት ግንባር ላይ ሲሆን፣ በኢንዶስኮፕ የሚወሰደው ጥቂት ሚሊ ሜትር ናሙና ግን ከላይኛው ገጽ የሚቆነጠር ነው። አብዛኞቹ የታተሙ ጥናቶች በቀዶ ሕክምና በወጣ ሙሉ ዕጢ ላይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ ቀንድ ብዙው ሕሙም ለቀዶ ሕክምና የሚሆንበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሚመጣ በእጅ የሚገኘው ያ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው።

በደም የሚለኩ ፕሮቲኖች

የደም ምርመራ ዕጢውን ሳይነኩ ደጋግሞ ለመለካት ስለሚያስችል ማራኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የታወቀው ኤስሲሲ አንቲጂንና ሳይፍራ 21-1 የተባለው የሕዋስ አጽም ስብርባሪ በስኳመስ ካርሲኖማ ሕሙማን ደም ውስጥ ከፍ ብለው የሚገኙ ሲሆን፣ መጠናቸው ከዕጢው ስፋትና ከስርጭቱ ጋር አብሮ ይጨምራል። ነገር ግን በሽታው ገና ትንሽ ሳለ ብዙ ጊዜ ከፍ ስለማይሉ ጤነኛ ከሚመስል ሰው መካከል ታማሚን ለመለየት አይመረጡም፤ ኤስሲሲ አንቲጂን ደግሞ በኩላሊት ድክመትና በቆዳ በሽታ ሊጨምር ይችላል። ጥቅማቸው ከሕክምና በኋላ የወረደ መጠን እንደገና ሲያሻቅብ የበሽታውን መመለስ በመጠቆም ላይ ነው።

በዚህ ክፍል ልዩ ትኩረት የሚገባቸው ሁለት የተለመዱ ፕሮቲኖች ናቸው። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ጉበት ለብግነት ምላሽ የሚያመርተው ሲሆን፣ አልቡሚን ደግሞ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኝና በረኃብና በብግነት ጊዜ የሚቀንስ ነው። የግላስጎው የአካሄድ መለኪያ የተሻሻለው ቅጂ ሁለቱን በማጣመር፣ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲኑ በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም ያልበለጠውን 0፣ ከዚያ የበለጠውን 1፣ ከዚያ በልጦ አልቡሚኑ በሊትር ከ35 ግራም ያነሰውን 2 ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ሲጨምር የታማሚው ዕድሜ እንደሚያጥር የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ጨምሮ በብዙ ካንሰሮች ታይቷል። ሁለቱም ምርመራዎች መካከለኛ አቅም ባለው የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሊሠሩ የሚችሉ በመሆናቸው በጅቡቲም ሆነ በአሰላ ከማንኛውም ውድ አንቲቦዲ ይቀርባሉ። በአካባቢው የሳንባ ነቀርሳ፣ ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችና የምግብ እጥረት እነዚህኑ ፕሮቲኖች ስለሚለውጡ፣ ለአውሮፓ የተወሰነው መለያ መጠን እዚህም በትክክል እንደሚሠራ በአካባቢው ሕሙማን ላይ መፈተሽ አለበት።

ሕክምናን የለወጡት

ከብዙዎቹ መካከል ወደ ውሳኔ ጠረጴዛ የደረሱት የምላሽ ጠቋሚዎች ናቸው። ሄር-2 የተባለው የዕድገት ተቀባይ በአዴኖካርሲኖማ ውስጥ በከፊል ሕሙማን ላይ በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ቶጋ ጥናት የጨጓራና የጨጓራ መግቢያ ካንሰራቸው በዚህ ፕሮቲን የበለጸገ ሕሙማን ትራስቱዙማብ ሲጨመርላቸው መካከለኛ ዕድሜያቸው ከ11.1 ወደ 13.8 ወር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ይኸው መድኃኒት ከቀዶ ሕክምና በፊት ከሚሰጥ ኬሞቴራፒና ጨረር ጋር በምግብ ቧንቧ አዴኖካርሲኖማ ሲሞከር ግን ጥቅም አለማሳየቱ፣ አንድ ጠቋሚ በአንድ የሕክምና ደረጃ መሥራቱ በሌላው ለመሥራቱ ዋስትና እንደማይሆን ያስተምራል። ስኳመስ ካርሲኖማ በሚያመዝንበት በአርሲና በአካባቢው ደግሞ የሄር-2 ጥቅም ጠባብ ነው።

ለስኳመስ ካርሲኖማ ከሁሉ የሚበልጠው ፒዲ-ኤል1 ነው። ይህ ፕሮቲን በካንሰር ሕዋስና በዙሪያው ባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ገጽ ላይ ተቀምጦ ቲ-ሴል የተባሉትን ገዳይ የመከላከያ ሕዋሳት ጥቃት የሚያስቆም ሲሆን፣ የዚህን መንገድ ምንነት በመግለጣቸው ታሱኩ ሆንጆ ከጄምስ አሊሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። መለኪያው ሲፒኤስ ይባላል፤ ፕሮቲኑ የታየባቸው የካንሰርና የመከላከያ ሕዋሳት ተደምረው ለሕያዋን የካንሰር ሕዋሳት ቁጥር ተካፍለው በ100 ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ኪኖት-590 ጥናት፣ ስኳመስ ካርሲኖማ ካለባቸውና ሲፒኤሳቸው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕሙማን መካከል ፔምብሮሊዙማብ ከኬሞቴራፒ ጋር የወሰዱት መካከለኛ ዕድሜ 13.9 ወር ሲሆን ኬሞቴራፒ ብቻ የወሰዱት 8.8 ወር ነው። በሚቀጥለው ዓመት የታተመው ቼክሜት-648 ደግሞ ከካንሰር ሕዋሳታቸው ቢያንስ 1 በመቶው ፒዲ-ኤል1 ባሳየ ሕሙማን ላይ ኒቮሉማብ ሲጨመር ዕድሜ ከ9.1 ወደ 15.4 ወር መራዘሙን አረጋግጧል።

በዚህም ላይ ገደብ አለ። የተለያዩ ኩባንያዎች አንቲቦዲዎች አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም፤ በአንድ ዕጢ ውስጥ እንኳ ፕሮቲኑ በአንዱ ቦታ ታይቶ በሌላው ሊጠፋ ይችላል። ከጨረርና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቅሪት በሽታ በተገኘባቸው ሕሙማን ላይ የተደረገው ቼክሜት-577 ደግሞ፣ ኒቮሉማብ ከበሽታ ነጻ የሆነውን መካከለኛ ጊዜ ከ11.0 ወደ 22.4 ወር ያራዘመው ፒዲ-ኤል1ን ሳይለይ ነው።

አብዛኞቹ ለምን ከወረቀት አላለፉም

የጠቋሚዎቹ መብዛትና የሚያገለግሉት ማነስ ከአሠራር ጉድለት ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ተመራማሪ በአንድ የናሙና ስብስብ ላይ 20 የማይረቡ ፕሮቲኖችን ቢፈትሽና በተለመደው የ5 በመቶ የስሕተት ገደብ ቢመዝን፣ በአማካይ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ ጠቃሚ መስሎ ይታየዋል፤ ያ አንዱ ሲታተም አሥራ ዘጠኙ በመሳቢያ ይቀራሉ። በዚህ ላይ «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚለው ድንበር ውጤቱ ከታየ በኋላ ሲመረጥ፣ የናሙናው ቁጥር ትንሽ ሲሆንና ጠቋሚው የበሽታውን ደረጃ ከመድገም አልፎ የጨመረው ነገር አለመኖሩ ሳይፈተሽ ሲቀር፣ በሁለተኛ ሆስፒታል ሲሞከር ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2005 ሪማርክ የተባለው የአዘጋገብ መመሪያ ወጥቷል፤ ተመራማሪዎች የታማሚዎቹን አመራረጥ፣ የናሙናውን አያያዝ፣ የአንቲቦዲውን ዓይነትና የድንበሩን አወሳሰን በግልጽ እንዲጽፉ ያዝዛል።

ሌላው ጉድለት የሕዝብ ውክልና ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ትልቅ የዘረመል ጥናት ከስምንት አገሮች 552 የስኳመስ ዕጢዎችን ሲመረምር፣ ከኮሪደሩ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ማላዊ ተካተዋል፤ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ግን አልነበሩበትም። በዚያ ጥናት የየአገሩ ዕጢዎች የጂን ብልሽት በብዙ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ መገኘቱ በእስያ የተፈተነ ጠቋሚ በአፍሪካም ሊሠራ እንደሚችል ተስፋ ቢሰጥም፣ ተስፋው በአካባቢው ናሙና እስኪረጋገጥ ድረስ ማስረጃ ሊባል አይችልም።

ከናጋድ እስከ ላቦራቶሪ

የትኛውም ጠቋሚ ከናሙናው ጥራት አይበልጥም። ከታማሚው የተወሰደ ቁራጭ በፍጥነት፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ወደ 10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን መግባት አለበት፤ ከ6 ሰዓት ያነሰ ወይም ከ72 ሰዓት የበለጠ ቆይታ የፕሮቲኑን ምስል እንደሚያዛባ በጡትና በጨጓራ ካንሰር ከወጡ መመሪያዎች ይታወቃል። ስለዚህ ናሙናን በፎርማሊን እንደያዘ ለሳምንታት አቆይቶ መላክ ውጤቱን ከመነሻው ማበላሸት ነው። ይልቁንም እዚያው በተወሰደበት ከተማ በፓራፊን ሰም ከታሸገ ማቀዝቀዣ ሳያስፈልገው ረጅም መንገድ ሊጓዝና ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። የጅቡቲ የበጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ በመሆኑና በፀሐይ የቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ ከዚያም ስለሚበልጥ ሰሙ እንዳይለሰልስ መጠለያ ያሻዋል፤ ተቆርጦ በመስታወት ላይ የተለጠፈ ሽፋንም በወራት ውስጥ ምላሹ ስለሚደክም የሚላከው ሽፋኑ ሳይሆን በሰም የታሸገው ሙሉ ብሎክ መሆን አለበት። ከናጋድ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር ይህን በመሰለ የታሸገ ናሙና አማካይነት የጅቡቲን ሆስፒታሎች ከኢትዮጵያ የፓቶሎጂ ማዕከላት ጋር ሊያገናኝ የሚችል መስመር ነው።

የሕክምናውም ሁኔታ ከዚህ ጋር ይታያል። በጅቡቲ ለረጅም ጊዜ የጨረር ሕክምና ማዕከል ባለመኖሩ ታማሚው ከአገር መውጣት ነበረበት፤ በኢትዮጵያም ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቶ ነው አገልግሎቱ እንደ ጅማ ወዳሉ ከተሞች መስፋት የጀመረው። ምግብና ውኃ ማሳለፍ ተስኖት ለሚመጣው ሕሙም ሐኪሙ መወሰን ያለበት ከሁሉ በፊት ቧንቧውን በብረት ስቴንት መክፈት፣ ወደ ጨረር መላክ ወይም ለቀዶ ሕክምና ማዘጋጀት ነው። የአፍሪካ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ጥምረት በኮሪደሩ አገሮች ስቴንት በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኝ መሥራቱና በኬንያ የቴንዌክ ሆስፒታል ባለሙያዎች በዚህ ዘዴ ብዙ ሕሙማንን መርዳታቸው ይታወቃል። እንግዲህ በዚህ አካባቢ ለጠቋሚ ፕሮቲን የሚቀርበው ጥያቄ «ታማሚው መቼ ይሞታል?» የሚል ሳይሆን «ለዚህ ታማሚ ከሦስቱ የትኛው ይሻለዋል?» የሚል መሆን አለበት።

መደምደሚያ

ከተዳሰሱት ፕሮቲኖች መካከል ኢ-ካድሄሪን፣ ሳይክሊን ዲ1ና ቪኢጂኤፍ-ሲ የበሽታውን አካሄድ ለመረዳት ትልቅ አስተዋጽኦ ቢያደርጉም ለአንድ ታማሚ ውሳኔ የሚበቁ አልሆኑም። ፒዲ-ኤል1 ለስኳመስ ካርሲኖማ፣ ሄር-2 ለአዴኖካርሲኖማ የሕክምና ምርጫን የሚመሩ ቢሆኑም፣ የሚመሩበት መድኃኒት በዋጋው ከአብዛኛው ሕሙም አቅም በላይ እስከሆነ ድረስ ምርመራው ብቻውን አይፈውስም። ስለዚህ ሚዛናዊው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ትክክለኛ ናሙናና አስተማማኝ ፓቶሎጂ፣ ቀጥሎ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንንና አልቡሚንን በእያንዳንዱ ታማሚ ላይ መለካትና እስከ መጨረሻው መከታተል፣ ከዚያም የታሸጉትን ብሎኮች በማስቀመጥ ፒዲ-ኤል1ና ሌሎች የተመረጡ ጠቋሚዎችን በአካባቢው ሕዝብ ላይ መፈተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ለእንዲህ ያለ ክትትል አርአያ ሊሆን ይችላል። የጅቡቲ፣ የድሬዳዋ፣ የአሰላና የአዲስ አበባ ሐኪሞች አንድ ዓይነት ቅጽ፣ አንድ ዓይነት የናሙና አያያዝና አንድ የጋራ መዝገብ ቢኖራቸው፣ በዓመታት ውስጥ ኮሪደሩ በሌላ ሕዝብ ላይ የተፈተነ ጠቋሚ ከመዋስ ወጥቶ ለራሱ ሕሙማን የሚሠራውን ራሱ ለመምረጥ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ከመግዛት አስቀድሞ ተወስዶ የነበረ እያንዳንዱ ናሙና እንዳይጠፋና ታክሞ የሄደ እያንዳንዱ ታማሚ እንዳይረሳ ማድረግ ነው።